ከማስተላለፍ በፊት ማዳመጥ፦ በአርሲ ደጋ የደካማ ሬዲዮ ሲግናሎች ቅበላና የፍሪኩዌንሲ ቅንጅት

መግቢያ

በአገራችን ስለ ሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ ሲነሣ ውይይቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠነጥነው በሚያስተላልፈው ወገን ላይ ነው። ለማን ተፈቀደ፣ በስንት ዋት ይሠራል፣ ማንን ያውካል የሚሉት ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። የሚያዳምጠው ወገን ግን በውይይቱ ውስጥ ቦታ የለውም። ተቀባይ ማንንም ስለማያውክ ማንም አይጠይቀውም፤ ማንም ስለማይጠይቀውም ማንም አይጠብቀውም። ይህ አጭር ጽሑፍ የሚሟገተው ለዚህ ዝምተኛ ወገን ነው። ከአሰላ እስከ በቆጂ በተዘረጋው የአርሲ ደጋ ከሩቅ የሚመጡ እጅግ ደካማ የአማተር ሬዲዮ ሲግናሎችን ለምርምር መቀበል ቢታሰብ፣ አስቀድሞ መቀናጀት ያለበት ምን እንደሆነና ቅንጅቱ የማን ሥራ እንደሆነ አስተያየቴን አቀርባለሁ።

አቋሜን ከመነሻው ልግለጽ። የደካማ ሲግናል ቅበላ ውጤት ከመሣሪያው ውድነት ይልቅ በስምምነቱ ጥራት ይወሰናል። ስምምነቱ ሦስት ነገሮችን ያካትታል፦ ፍሪኩዌንሲን፣ ሰዓትንና ጸጥታን። የማስተላለፍ ፈቃድ የመንግሥት ሥልጣን ነው። እነዚህን ሦስቱን መወሰን ግን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትን የሚጠብቅ ሥራ አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲዎች በመካከላቸው ተነጋግረው ሊጨርሱት የሚችሉትና ሊጨርሱት የሚገባ ጉዳይ ነው።

ሰማዩ የእኛ፣ ንባቡ የሌላ

የኢትዮጵያ ደጋ ለአዮኖስፌር ጥናት ያለውን አቀማመጥ የሚጋሩት አገሮች ጥቂት ናቸው። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በአገራችን ላይ ያልፋል። በዚህ መስመር፣ ከ100 እስከ 110 ኪሎሜትር ከፍታ ላይ፣ የምድር ወገብ ኤሌክትሮጄት የሚባለው ጠባብ የኤሌክትሪክ ጅረት ቀን ቀን ወደ ምሥራቅ ይፈሳል። በወገቡ ላይ ወደ ላይ የሚነሣው ፕላዝማ ደግሞ መግነጢሳዊ መስመሮችን ተከትሎ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይወርድና በሁለቱም በኩል በ15 ዲግሪ ገደማ መግነጢሳዊ ኬክሮስ ላይ ሁለት የክምችት ሸንተረሮችን ይሠራል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የአዮኖስፌሩ የታችኛው ጠርዝ ይናወጥና ፕላዝማ የሣሣባቸው አረፋዎች ወደ ላይ ይወጣሉ። የሳተላይት አቅጣጫ ጠቋሚ ሲግናሎችን የሚያንቀጠቅጡትና የአጭር ሞገድን ቅበላ የሚያደበዝዙት እነዚህ አረፋዎች ናቸው።

ይህ እውቀት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1957–58 የዓለም አቀፍ ጂኦፊዚክስ ዓመት ጋር ተያይዞ በአዲስ አበባ የተቋቋመው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ በመግነጢሳዊ ወገብ አጠገብ ከሚገኙ ጥቂት የረጅም ጊዜ መመዝገቢያዎች አንዱ ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የዋሸራ ጂኦስፔስና ራዳር ሳይንስ ላቦራቶሪ በዚሁ ዘርፍ ተመራማሪዎችን አፍርቷል። የጎደለን በአጭር ሞገድ ላይ ያለማቋረጥ የሚያዳምጥ ጆሮ ነው። የአማተር ሬዲዮ ሰዎች በየሁለት ደቂቃው የሚልኩትና የሚቀበሉት መረጃ በዓለም ዙሪያ ለሁሉም ክፍት በሆነ ቋት ይሰበሰባል። በዚያ ቋት ውስጥ አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ በጣቢያ የተጨናነቁ ሲሆኑ የአፍሪካ ቀንድ ግን ጥቂት ነጥቦች ብቻ የሚታዩበት ሰፊ ባዶ ቦታ ነው። ስለ እኛ ሰማይ የሚደረሰው ድምዳሜ በአብዛኛው ሌሎች በሩቅ ከለኩት የተሰላ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ በራሳችን ሰማይ የሆነውን የምንሰማው ከሁሉ በኋላ ነው።

ደካማ ሲግናል ምን ያህል ደካማ ነው?

ለሐሳቡ አዲስ ለሆኑ አንባቢያን ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1993 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ከራስል ኸልስ ጋር የተጋሩት ጆሴፍ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ2008 ዊስፐር የተባለውን የመላኪያና የመቀበያ ዘዴ ለአማተር ሬዲዮ ማኅበረሰብ አበረከቱ። የስሙ አጠራር ሹክሹክታ ማለት ነው፤ ሥራውም እንደ ስሙ ነው። አንዱ መልእክት የጣቢያውን መጠሪያ፣ የቦታውን የፍርግርግ መለያና የማሰራጫውን ጉልበት ብቻ ይይዛል፤ በጠቅላላው 50 ቢት ነው። ይህን ጥቂት መረጃ ለመላክ 110.6 ሰከንድ ይወስዳል፤ የሚይዘውም ስፋት 6 ኸርዝ ገደማ ነው። ጊዜው በመርዘሙና ስፋቱ በመጥበቡ ምክንያት በ2,500 ኸርዝ ውስጥ ካለው ጫጫታ በ28 ዴሲቤል ያነሰ፣ ማለትም ከጫጫታው ከ600 ጊዜ በላይ የደከመ ሲግናል ሊነበብ ይችላል። የሰው ጆሮ ከጫጫታ በቀር ምንም በማይሰማበት ቦታ ኮምፒዩተሩ የሩቅ ጣቢያን ስም ያነባል።

ነገር ግን ይህ ችሎታ ያለ ዋጋ አልተገኘም። ላኪና ተቀባይ ሳይተያዩ በአንድ ጠባብ መስኮት፣ በአንድ ሰዓት እንዲገናኙ ግድ ይላል። ለምሳሌ በ14 ሜጋኸርዝ ባንድ ዓለም የተስማማበት መስኮት ከ14.0970 እስከ 14.0972 ሜጋኸርዝ ያለው 200 ኸርዝ ብቻ ነው፤ በ7 ሜጋኸርዝ ባንድ ደግሞ ከ7.0400 እስከ 7.0402። በዚህ 200 ኸርዝ ውስጥ ከ30 የማያንሱ ጣቢያዎች ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ። ከመስኮቱ ውጪ የቀረ ተቀባይ፣ መሣሪያው ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ባዶ መዝገብ ይዞ ያድራል።

የመጀመሪያው ስምምነት፦ ፍሪኩዌንሲ

የፍሪኩዌንሲ ቅንጅት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በሕግ የሚደረገውን ክፍፍል ነው። በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስፔክትረምን ያስተዳድራል፤ ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ደግሞ አገራችንን ከአውሮፓና ከተቀረው አፍሪካ ጋር በአንደኛው ክልል መድቧታል። ሕጉ ባንዱን ይሰጣል እንጂ በባንዱ ውስጥ ማን የት እንደሚቀመጥ እስከ ኸርዝ ድረስ አይወስንም። ያ ክፍል በተጠቃሚዎች መካከል በሚደረግ ስምምነት የሚመራ ነው፤ ጥንካሬውም ከቅጣት አይመጣም፤ ሁሉም ጥቅሙን ስለሚያውቅ ይጠብቀዋል።

የዚህ ዓይነቱ ስምምነት ምን ያህል ሊረቅ እንደሚችል የሚያሳይ ጥሩ ምሳሌ አለ። በዓለም ዙሪያ የተተከሉ 18 ቢከን የሚባሉ ጠቋሚ ጣቢያዎች በ14.100፣ በ18.110፣ በ21.150፣ በ24.930 እና በ28.200 ሜጋኸርዝ ተራ በተራ ያስተላልፋሉ። የእያንዳንዱ ድርሻ 10 ሰከንድ ነው፤ 18ቱ በ3 ደቂቃ ዙሩን ይጨርሳሉ። አንዱ ጣቢያ በ10 ሰከንዱ ውስጥ ጉልበቱን ከ100 ዋት ወደ 10፣ ወደ 1፣ ከዚያም ወደ 0.1 ዋት ይቀንሳል፤ አድማጩም የመጨረሻው የተሰማው ምልክት የትኛው እንደሆነ በማየት የመንገዱን ሁኔታ ይገምታል። ከ18ቱ አንዱ ለናይሮቢ የተመደበ ነው፤ ከአሰላ በቀጥታ ሲለካ 1,050 ኪሎሜትር ገደማ ይርቃል። ሌሎቹ በደቡብ አፍሪካ፣ በእስራኤል፣ በስሪላንካና በሌሎች አገሮች ይገኛሉ። አንድ ፍሪኩዌንሲን በተለያዩ አገሮች ያሉ 18 ጣቢያዎች ሳይጋጩ መካፈል ከቻሉ፣ ሦስት የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ የማዳመጫ መርሐ ግብር መስማማት አያቅታቸውም።

ቅንጅት ሳይሳካ ሲቀር የሚሆነውን ደግሞ በ7 ሜጋኸርዝ ባንድ አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተካሄደው የዓለም የሬዲዮ ኮሙኒኬሽን ጉባኤ ከ7.100 እስከ 7.200 ሜጋኸርዝ ያለውን ክፍል በአንደኛውና በሦስተኛው ክልል ለአማተር አገልግሎት እንዲለቀቅ ወሰነ፤ ውሳኔውም እ.ኤ.አ. ከማርች 29 ቀን 2009 ጀምሮ ጸና። ያም ሆኖ ከአፍሪካ ቀንድ የሚነሡ ብርቱ የብሮድካስት ሲግናሎች በዚሁ ክፍል ውስጥ መሰማታቸው በአማተር ሬዲዮ የክትትል ዘገባዎች ለዓመታት ሲመዘገብ ቆይቷል። ለአሰላ ተቀባይ የዚህ ትርጉም ተግባራዊ ነው። ደካማው ሲግናል በ7.040 ቢሆንም ከጎኑ ያለው ብርቱ ሲግናል ርካሽ መቀበያን ሊያደነቁረው ይችላል። በ8 ቢት የሚቆጥር መቀበያ በደካማውና በብርቱው መካከል ሊሸከም የሚችለው ልዩነት በንድፈ ሐሳብ 50 ዴሲቤል ገደማ ነው፤ በ14 ቢት የሚቆጥረው ግን 86 ዴሲቤል ይደርሳል። ስለዚህ ከፍሪኩዌንሲው ጋር የመቀበያው ዓይነትና ከፊቱ የሚገባው ማጣሪያ አብረው መስማማት አለባቸው።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ጉዳይ የመቀበያው የራሱ ትክክለኛነት ነው። ከሚሊዮን 50 እጅ የሚሳሳት ርካሽ መቀበያ በ14 ሜጋኸርዝ 700 ኸርዝ ያህል ይስታል፤ መስኮቱ ግን 200 ኸርዝ ብቻ ነው። መቃኛ መለኪያ ያስፈልጋል። ለእኛ የሚመቸው አንዱ መለኪያ በ4.996፣ በ9.996 እና በ14.996 ሜጋኸርዝ የሚሠራው የሞስኮ የሰዓት ጣቢያ ነው። በ10 ሜጋኸርዝ ላይ የአሜሪካና የቻይና የሰዓት ጣቢያዎች ተደራርበው ሊሰሙ ስለሚችሉ የትኛው የማን እንደሆነ መለየት ያስቸግራል፤ የሞስኮው ግን 4 ኪሎኸርዝ ዝቅ ብሎ በመቀመጡ ብቻውን ይለያል። ይህ የ4 ኪሎኸርዝ ፈቀቅታ ራሱ ቅንጅት ነው። ከዚህም በላይ ሞስኮና አሰላ በተቀራረበ ኬንትሮስ ላይ ስለሚገኙ በመካከላቸው ያለው 5,300 ኪሎሜትር ገደማ የሆነ መንገድ ከሰሜን ወደ ደቡብ ቀጥ ብሎ የሰሜኑን የፕላዝማ ሸንተረር ያቋርጣል። አንድ ሲግናል ለመቃኛም ለምርምርም ያገለግላል ማለት ነው።

ሁለተኛው ስምምነት፦ ሰዓት

የዊስፐር መልእክት የሚጀምረው ሙሉ ቁጥር በሆነች ደቂቃ ሁሉ፣ ከደቂቃዋ 1 ሰከንድ በኋላ ነው። የተቀባዩ ሰዓት ከ1 እስከ 2 ሰከንድ በላይ ከተዛነፈ ንባቡ ይከሽፋል። ኮምፒዩተሮቻችን ሰዓታቸውን የሚያስተካክሉት በኢንተርኔት ነው፤ መብራትና ኢንተርኔት በተቋረጡ ጊዜ ግን ሰዓቱ ቀስ በቀስ ይንሸራተታል። ተመራማሪው ይህን ካላወቀ ከመቋረጡ በኋላ የታየውን የሲግናል መጥፋት የአዮኖስፌር ክስተት አድርጎ ሊተረጉመው ይችላል። ከሳተላይት ሰዓት የሚቀበል አነስተኛ መሣሪያ ከእያንዳንዱ መቀበያ ጋር መግጠም ይህን አደጋ ያስወግዳል።

ከዚህ የከበደው ግን የምዝገባው ሰዓት ነው። እኛ በሦስት ሰዓቶች እንኖራለን፦ መዝገቡ የሚጠይቀው የዓለም አቀፍ ሰዓት፣ ኮምፒዩተሩ የሚያሳየው የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓትና በአፋችን የምንናገረው ከንጋት የሚቆጠረው ሰዓት። በዓለም አቀፍ ሰዓት 15:00 የሆነው በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት 18:00 ነው፤ ለእኛ ግን ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። የዓለም አቀፉ ቀን የሚለወጠው ለእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት በመሆኑም አንድ ሌሊት በሁለት ቀን ተከፍሎ ይመዘገባል። በዚህ ላይ ሁለት የዘመን አቆጣጠሮች ሲጨመሩ፣ ከተለያየ ተቋም የመጡ ሁለት መዝገቦችን ለማነጻጸር መሞከር ምን ያህል እንደሚያደናግር መገመት አያዳግትም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ መዝገብ ሁሉ በዓለም አቀፍ ሰዓትና በእ.ኤ.አ. ቀን ይያዝ፣ የአገር ሰዓት በማብራሪያው ዓምድ ብቻ ይግባ። ቀላል ቢሆንም ተጽፎ ካልተፈረመ አይጠበቅም።

የሰዓት ቅንጅት ሦስተኛ ገጽታም አለው። በአንድ ጊዜ አንድ ባንድ ብቻ የሚያዳምጥ መቀበያ ከባንድ ወደ ባንድ መዞር ይኖርበታል። ለዚህ በዓለም የታወቀ መርሐ ግብር አለ፤ 10 ባንዶች በየ2 ደቂቃው እየተቀያየሩ በ20 ደቂቃ አንድ ዙር ይጠናቀቃል። ይህ መርሐ ግብር ለአጠቃላይ ዕይታ መልካም ነው፤ ለእኛ ምሽት ግን አይበቃም የሚል እምነት አለኝ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በመግነጢሳዊ ወገብ ላይ የሚታየው ለውጥ በደቂቃዎች ውስጥ የሚካሄድ ስለሆነ በ20 ደቂቃ አንድ ጊዜ ብቻ መመልከት ዋናውን ነገር ያሳልፋል። ስለዚህ በዓለም አቀፍ ሰዓት ከ15:00 እስከ 19:00፣ ማለትም ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት፣ ሁሉም የአገራችን ተቀባዮች ዙሩን አቁመው በአንድ ባንድ ላይ እንዲጸኑ፣ በቀረው ጊዜ ደግሞ የዓለሙን መርሐ ግብር እንዲከተሉ ሐሳብ አቀርባለሁ።

ሦስተኛው ስምምነት፦ ጸጥታ

አርሲ ከፍተኛ አገር ነው፤ አሰላ 2,430 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፣ ጭላሎም ከ4,000 ሜትር በላይ ይነሣል። ይህ ከፍታ ለሬዲዮ ቅበላ በራሱ ጥቅም የሚመስላቸው አሉ። ለእጅግ ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ እውነት ነው፤ አድማሱ ይሰፋልና። በአዮኖስፌር ለሚንጸባረቀው አጭር ሞገድ ግን የቦታው ከፍታ ብዙ አይጨምርም። እንዲያውም የጭላሎ ግዝፈት ከከተማዋ በስተምሥራቅ ያለውን አድማስ በጥቂት ዲግሪ ከፍ ስለሚያደርገው፣ ከእስያና ከአውስትራሊያ በዝቅተኛ ማዕዘን የሚመጡ ሲግናሎች ተራራው እግር ሥር ላለ አንቴና ሊጋረዱ ይችላሉ። የአርሲ ደጋ እውነተኛ ሀብት ከፍታው አይደለም፤ ከከተማ ወጣ ሲባል የሚገኘው የሬዲዮ ጸጥታ ነው።

ጸጥታው በቁጥር ይለካል። በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የሬዲዮ ጫጫታ መመሪያ መሠረት፣ በአጭር ሞገድ የሰው ሠራሽ ጫጫታ አማካይ መጠን በከተማና በገጠር መካከል 9.6 ዴሲቤል ያህል ይለያያል። ይህ ማለት በከተማ ለመሰማት 9 ዋት የሚያስፈልገው ጣቢያ በገጠር በ1 ዋት ሊሰማ ይችላል። በጣም ጸጥ ባለ ገጠር በ10 ሜጋኸርዝ ልዩነቱ 24 ዴሲቤል ይደርሳል፤ እዚያ ግን የሰው ጫጫታ ከመውረዱ የተነሣ ከጋላክሲያችን የሚመጣው ጫጫታ ወለሉን ይይዛል። ተመራማሪ ከዚህ የተሻለ ቦታ ሊመኝ አይችልም፤ ከሰማይ በታች የሚያውከው ነገር የለምና። ተፈጥሮም የራሷ ጫጫታ እንዳላት መዘንጋት አይገባም። በክረምት ከሰዓት በኋላ በደጋው ላይ የሚያጓራው መብረቅ በዝቅተኛዎቹ ባንዶች ላይ የጸጥታውን ጥቅም ያጠፋዋል። ስለዚህ ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው በበጋና ከ10 ሜጋኸርዝ በላይ ነው።

ይህ ሀብት ግን እያለቀ ያለ ሀብት ነው። የርካሽ አምፖሎች፣ የስልክ ባትሪ መሙያዎች፣ የፀሐይ ኃይል ኢንቨርተሮችና ያልተጣሩ የኃይል መለወጫዎች በየቤቱ ሲገቡ እያንዳንዳቸው ትንሽ ማሰራጫ ይሆናሉ። በኢተያ አካባቢ 100 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የታቀደውን የአሰላ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የመሳሰሉ ሥራዎችም በውስጣቸው ትልልቅ የኃይል መለወጫ መሣሪያዎችን የሚይዙ ናቸው። መብራትን ለሬዲዮ ጸጥታ ሲባል የሚቃወም ሰው አስተዋይ አይደለም፤ እኔም አልቃወምም። የምለው ጫጫታው ከመጨመሩ በፊት ዛሬ ያለው መጠን ይለካ ነው። መነሻው ያልተለካ ነገር ነገ መቀነሱን ማንም ሊያስረዳ አይችልም፤ ጫጫታ የሚያበዛውን መሣሪያ ለይቶ በማጣሪያ ለማስተካከልም የመነሻ መዝገብ ያስፈልጋል።

ሦስት ተቀባዮች በአንድ መስመር

የአማተር ሬዲዮ ዓለም ቦታን የሚገልጸው ምድርን በኬንትሮስ 2 ዲግሪ፣ በኬክሮስ 1 ዲግሪ በሆኑ ክፍሎች በመከፋፈል ነው። በዚህ አከፋፈል አሰላ በኬ-ጄ-97፣ አዳማ በኬ-ጄ-98፣ አዲስ አበባ ደግሞ በኬ-ጄ-99 ይወድቃሉ፤ ሦስት ክፍሎች ከደቡብ ወደ ሰሜን ተደራርበው። አሰላ የምትገኝበት ክፍል በቆጂን፣ ባቱን፣ ሻሸመኔንና ሐዋሳን ጭምር የሚይዝ በመሆኑ ለምርምር ባለ 4 ፊደሉ መለያ ብቻውን አይበቃም፤ ባለ 6 ፊደሉ መጻፍ አለበት።

በአዲስ አበባ በኩል መነሻ አለን። የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር የክበብ ጣቢያ የሆነው ኢ-ቲ-3-ኤ-ኤ የሚገኘው በአምስት ኪሎ በአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው፤ ለውጭ አማተሮችም ኢትዮጵያን የሚያስተዋውቅ መጠሪያ ነው። በአዳማ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በአሰላ አርሲ ዩኒቨርሲቲ አለ። በእነዚህ ሦስት ቦታዎች አንድ ዓይነት መቀበያና አንድ ዓይነት አንቴና ተተክሎ አንድን ሲግናል በአንድ ጊዜ ቢያዳምጡ ምን ይገኛል? ሦስቱም ላይ ሲግናሉ አብሮ ከወደቀ ምክንያቱ በአብዛኛው ከላይ፣ ከአዮኖስፌሩ ነው። አንዱ ላይ ብቻ ከወደቀ ምክንያቱ በአብዛኛው ከታች፣ ከአካባቢው ጫጫታ ነው። አንድ ብቸኛ ተቀባይ ይህን ለመለየት ይቸገራል፤ ሦስት የተቀናጁ ተቀባዮች ግን ይለዩታል። ካልተቀናጁ ግን ሦስት መሆናቸው ከአንድ አይሻልም።

ይህን ሐሳብ የአርሲ ሰው ለመረዳት አይቸገርም። በቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የስንዴ ዝርያ በብዙ ቦታ ሲሞከር ዘሩ፣ የመደቡ ስፋትና የማዳበሪያው መጠን አንድ ዓይነት እንዲሆን ይደረጋል፤ ያ ካልሆነ የምርቱ ልዩነት ከዝርያው ይሁን ከአያያዙ አይታወቅም። በአርሲ ከጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ዘመን ጀምሮ የተለመደውን ይህን ሥርዓት ወደ ሬዲዮ ማምጣት ብቻ ነው የሚቀረው።

ሊነሡ የሚችሉ መቃወሚያዎች

የመጀመሪያው መቃወሚያ የሳተላይት ሲግናል መቀበያዎች የአዮኖስፌርን ይዘት እየለኩ ሳለ የአማተር ሬዲዮ ምን ይጨምራል የሚል ነው። የሳተላይቱ መለኪያ ከላይ እስከ ታች ያለውን የኤሌክትሮን ድምር ይሰጣል፤ ድምሩ ግን ስርጭቱን አይናገርም። አጭር ሞገድ ከታችኛው ሽፋን ጋር ይነጋገራል፤ የትኛው ፍሪኩዌንሲ እንደተንጸባረቀ፣ የትኛው እንደተዋጠ ያሳያል። አንዱ ሌላውን ይሞላል እንጂ አይተካም።

ሁለተኛው የአማተሮች መረጃ ለሳይንስ አይታመንም የሚል ነው። ይህ መቃወሚያ ክብደት አለው። ላኪው ጉልበቱን በግምት ሊጽፍ፣ የአንቴናውን ሁኔታም ላይገልጽ ይችላል። ነገር ግን የላኪዎቹ ስሕተት ለሦስቱም ተቀባዮች እኩል ስለሚደርስ፣ ተቀባዮቹ ከተቀናጁ ንጽጽሩ ከስሕተቱ ነጻ ይወጣል። የመረጃው እምነት የሚመጣው ከተቀባዩ ሥርዓት ነው፤ ያ ደግሞ በእጃችን ነው።

ሦስተኛው ቅድሚያ የሚሰጣቸው ሌሎች ጉዳዮች አሉን የሚል ነው። እውነት ነው፤ አሉን። ሆኖም እዚህ የተጠየቀው ትልቅ ሕንፃ አይደለም። አንድ መቀበያ፣ አንድ ሽቦ፣ አንድ አነስተኛ ኮምፒዩተር፣ አንድ ባትሪና ከሁሉም በላይ የተፈረመ ወረቀት ነው። በአንጻሩ የሚታጣው ከባድ ነው። በስፔስ ፊዚክስ የሚመረቅ ተማሪ በራሱ አገር ሰማይ ላይ የሚጽፈውን ጽሑፍ ሌሎች በለኩት መረጃ ሲሠራ፣ የሚጠይቀው ጥያቄም መረጃው በሚፈቅድለት ልክ ይወሰናል።

ለምን በማዳመጥ እንጀምር?

ለምን በቀጥታ የማስተላለፊያ ፈቃድ ጠይቀን አንጀምርም የሚል ይኖራል። ማስተላለፍ መልካም ነው፤ ፈቃዱም መጠየቅ አለበት። ነገር ግን ከኢትዮጵያ የሚሰማ መጠሪያ በዓለም አማተሮች ዘንድ ብርቅ በመሆኑ አንዱ ጣቢያ ሲነሣ ብዙዎች በአንድ ጊዜ ይጠሩታል። እንዲህ ያለ ጣቢያ ከሚያስተላልፍበት 5 ወይም 10 ኪሎኸርዝ ከፍ ብሎ ማዳመጥ የሚገደደውም ለዚህ ነው። ያ ልምድ አስደሳች ቢሆንም ለረጅም ጊዜ ልኬታ አይመችም። አድማጭ ግን ማንንም አያጨናንቅም። ዛሬ ተክሎ ነገ መረጃ ማግኘት ይችላል፤ እያዳመጠም ባንዱን፣ ሥርዓቱንና ጨዋነቱን ይማራል። በኋላ ፈቃድ ሲጠይቅ በእጁ ያለው የዓመታት መዝገብ ከማመልከቻው የበለጠ ይመሰክርለታል።

መደምደሚያ

ለማጠቃለል፣ አራት ነገሮች እንዲፈጸሙ ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ሦስቱ ዩኒቨርሲቲዎች ከአማተር ሬዲዮ ማኅበሩ ጋር በመሆን ባንዶችን፣ የምሽቱን መርሐ ግብር፣ የሰዓት አመዘጋገብንና የመቀበያ ዓይነትን የሚወስን አጭር የማዳመጥ ስምምነት ይፈራረሙ። ሁለተኛ፣ በአሰላ ዙሪያ ከመኖሪያ መንደርና ከኃይል መስመር ራቅ ያለ፣ በስተምሥራቅ ተራራው የማይጋርደው ቦታ ተመርጦ የጫጫታው መነሻ መጠን ቢያንስ አንድ በጋና አንድ ክረምት ይለካ። ሦስተኛ፣ መረጃው ለማንኛውም ተማሪ ክፍት ሆኖ በየዓመቱ ቢያንስ አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፍ ይመደብለት። አራተኛ፣ የተመረጠው ቦታ በኮሙኒኬሽን ባለሥልጣኑ ዘንድ እንደ ምርምር መቀበያ ቦታ እንዲታወቅ ይጠየቅ፤ የተመዘገበ አድማጭ ቢታወክ ለማን አቤት እንደሚል ያውቃልና።

ስፔክትረም የማይታይ መሬት ነው። ጦም ያደረ መሬት ባለቤት እንደሌለው እንደሚቆጠር ሁሉ፣ ማንም የማይሰማበት ባንድም በድርድር ጠረጴዛ ላይ የሚከራከርለት አያገኝም። በአርሲ ደጋ ያለው ጸጥታ ዛሬ አለ፤ ከ10 ዓመት በኋላ ስለመኖሩ ዋስትና የለም። የመጀመሪያው የልኬታ መዝገብ የሚከፈትበት ቀን በዘገየ ቁጥር መነሻችን ከጸጥታው እየራቀ ይሄዳል።